ኤክስትራ ሆኜ ለቅሶ ቤት ዋልኩ፦ እንዴት ነው ለምትሉ ሁሉ

የገርጂዋ፦

ሰላም ለቤቱ። እዚህ መድረክ ላይ "ኤክስትራ መሆን እፈልጋለሁ፣ እንዴት ነው?" የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል፣ መልሱ ግን ሁሌ ሁለት መስመር ነው። (ኤክስትራ ማለት ፊልም ላይ ከዋናዎቹ ተዋንያን ኋላ ለቀስተኛ፣ ሰርገኛ፣ መንገደኛ ሆኖ የሚታየው ሰው ነው።) እኔ ሰሞኑን አንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ሙሉ ቀን ስለዋልኩ ሰፋ አድርጌ ልጻፍላችሁ። የድራማውን ስም አልጠራም፣ ገና አልወጣም።

መልእክቱ የመጣው ማታ በቴሌግራም ነው። "ነገ ጠዋት 12 ሰዓት መገናኛ። የለቅሶ ትዕይንት ነው። ጥቁር ወይም ፈዘዝ ያለ ልብስ። ነጠላ ያላችሁ ያዙ። ጽሑፍ ያለበት ልብስ፣ የጥፍር ቀለም፣ ትልልቅ ጉትቻ አይቻልም።" ይኸው ነው። ስለ ታሪኩ አንዲት ቃል የለም። ከመገናኛ በሚኒባስ ጭነው ኮተቤ አካባቢ ወዳለ ግቢ ወሰዱን። በሩ ላይ መንገዱን ይዞ ድንኳን ተተክሏል፣ ውስጡ የእድር አግዳሚ ተደርድሯል፣ ጥግ ላይ ለሴቶች ፍራሽ ተነጥፏል። ካሜራውና መብራቱ ባይኖር ማንም ሰው እውነተኛ ለቅሶ ቤት ነው የሚለው።

ከዚያ ጠበቅን። የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል መጠበቅ ነው። ሻይ በዳቦ ሰጡን፣ ስማችንን መዘገቡ፣ ልብሳችንን አዩ፣ ግማሻችንን ቀይሩ አሉን። መብራቱ ሲስተካከል ረፋድ ሆነ። መጽሐፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ መሰኪያው ሁሉ ደግሞ የመብራት ሠራተኞቹ ነው።

ትዕይንቱ ራሱ አጭር ነው። ወንድሟ የሞተባት ልጅ ከክፍለ ሀገር ትደርሳለች፣ ድንኳኑ በር ላይ ትወድቃለች፣ ሴቶቹ ተነስተው ያቅፏታል፣ ወንዶቹ ብድግ ይላሉ። በቃ። በቲቪ ሁለት ደቂቃ የሚሞላ አይመስለኝም። እሱን ነው ከረፋድ እስከ ማታ የሠራነው።

ለምን ቢባል፣ መጀመሪያ ሁላችንም በምንታይበት ከሩቅ ይቀረጻል። ከዚያ ካሜራው ወደ ልጅቷ ፊት ይጠጋል። ከዚያ ይዞርና እሷ የምታየውን፣ ማለትም እኛን ይቀርጻል። ከዚያ እናትየዋን ብቻ። ከዚያ እጆቻቸውን ብቻ። በየመሀሉ ደግሞ አንዱ ቃል ይሳሳታል፣ ወይ አይሱዙ ያልፋል፣ ወይ ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ትገባለች፣ እንደገና ነው። ኤክስትራው በዚህ ሁሉ መሀል ያንኑ ነገር፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው እጅ ማድረግ አለበት። የእኔ ድርሻ ይቺ ነበረች፦ ልጅቷ ጮኻ ስታበቃ ወደ ንፍሮው ሳህን የሰደድኩትን ቀኝ እጄን እመልሳለሁ፣ ሳህኑን በግራዬ ላለችው ሴት አሳልፋለሁ፣ የነጠላዬን ጫፍ ወደ አፌ ወስጄ እነሳለሁ። ከጩኸቱ በኋላ ነው፣ በፊት አይደለም። እየጮኸች እያለም አይደለም። ኮንቲኒቲ የምትይዘው ልጅ (ነገሩ ሁሉ ከዙር ዙር እንዳይለያይ የምትጠብቀው) ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ እያየች በየዙሩ ትመጣለች፣ ነጠላዬን ወደነበረበት ትመልሳለች፣ ንፍሮውን እስከዚያው ልክ ትሞላለች። አንድ ትልቅ ሰው ጋ ሄዳ "አባቴ፣ ከምሳ በፊት የኮትዎ የላይኛው ቁልፍ ተቆልፎ ነበር" ብላ ቆለፈችላቸው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እንኳ ልብ አላልኩትም። የልጅቷ ዓይን ገርሞኝ ነው የዋለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፍራሹ ላይ ከእኛ ጋር አንዲት እናት ነበሩ። ረዳት ዳይሬክተሩ የነገራቸው "ልጅቷ ስትገባ አልቅሱ" ብሎ ብቻ ነው። እናታችን አለቀሱ። ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ አወረዱ፣ የሚጠሩት ስም የድራማው ስም አልነበረም፣ የራሳቸውን ሰው ስም ነው። አጠገባቸው የነበርነው በሙሉ እንባችን መጣ። "ከት" ሲባል እሳቸው አላቆሙም። ዳይሬክተሯ ከሞኒተሩ ተነስታ መጥታ ፍራሹ ላይ ተንበረከከች፣ ውኃ አስመጣችላቸው፣ እስኪረጋጉ ድረስ "ቶሎ በሉ" ያለ ሰው የለም። ከዚያ "እማማ፣ ካሁን በኋላ ድምፅ አያስፈልገንም፣ መወዝወዙ ብቻ ይበቃል፣ ከፈለጉ ደግሞ ጀርባዎን ብቻ እንወስዳለን" አለቻቸው። ክብር ይስጣት። ግን ይሄ ጠዋት መባል ነበረበት። ትዕይንቱ ምንድን ነው፣ ምን ያህል እንደግመዋለን፣ ማን ነው የሞተው፣ እኛ ለሟቹ ምኑ ነን፤ ጎረቤት ነን ወይስ ዘመድ? እነዚህን አምስት ደቂቃ ወስዶ የሚነግረን ሰው ቢኖር እሳቸውም አይጎዱም፣ ሥራውም ያምራል። ጎረቤትና እህት አንድ ዓይነት አያለቅሱም። ይሄንን ደግሞ ከኢትዮጵያ ተመልካች የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ከሰዓት በኋላ አንድ አባት ከመንገድ ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው "እግዜር ያጥናችሁ" አሉና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ድንኳን አይተው ነው የገቡት፣ የሰፈሩ ሰው ናቸው። ረዳቱ ዝቅ ብሎ በጆሯቸው ፊልም መሆኑን ነገራቸው። "እንኳን ውሸት ሆነ" አሉ፣ ሻይ ቀረበላቸው፣ ጠጥተው መርቀው ሄዱ። እኔ በጣም ደስ አለኝ። ግን ፕሮዳክሽኖች ልብ በሉ፣ ድንኳን ስትተክሉ ለጎረቤት ቀድማችሁ ንገሩ፣ ከወረዳ ፈቃድ ማውጣት ብቻ አይበቃም።

የከፋኝ ክፍያው ላይ ነው። ጠዋት "በዕለቱ" የተባለው ማታ "በሳምንቱ" ሆነ። በኋላ ደርሶናል፣ እውነቱን ልናገር። ግን ከሩቅ የመጡ፣ በዚያ ብር ታክሲ ሊሳፈሩ ያሰቡ ልጆች ነበሩ፣ እርስ በርስ ተበድረው ነው የሄዱት። ኤክስትራ ከሁሉም ትንሹን የሚከፈለው ሰው ነው፤ እሱን ማቆየት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁ።

ናቲ ከአያት፦

አመሰግናለሁ እህቴ፣ ብዙ ተማርኩ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ስንት ነው የሚከፈለው? ደግሞ አንድ ቦታ "መመዝገቢያ ክፈል፣ ፎቶህን እኛ እናነሳሃለን፣ ለእሱም ክፈል" አሉኝ። ልክፈል?

የገርጂዋ፦

ናቲ፣ አትክፈል። ሥራ የሚሰጥህ ሰው ነው መክፈል ያለበት። ስልክህ ላይ አንድ የፊት፣ አንድ ከጎን፣ አንድ ሙሉ ቁመት ፎቶ በቀን ብርሃን አንስተህ ላክ፣ ይበቃል። ቁመትህንና የልብስ ቁጥርህን ጻፍ። ስንት ለሚለው እንደ ሥራው ነው። ማስታወቂያ ከድራማ የተሻለ ይከፍላል፣ አንድ ቃል እንኳ ብትናገር ደግሞ ዋጋው ሌላ መሆን አለበት። ከመሄድህ በፊት በጽሑፍ አስልከው፣ የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን።

ቡም ያዥ፦

እኔ ድምፅ ላይ ነው የምሠራው። እህታችን በደንብ ጽፈሻል፣ እኔ በድምፅ በኩል ያለውን ልጨምር፣ ኤክስትራዎች ብዙ ጊዜ የሚቆጡን ለዚህ ስለሆነ።

ንግግር ያለበት ትዕይንት ላይ የምንፈልገው የዋናዎቹን ድምፅ ንጹሕ አድርጎ መውሰድ ነው። ስለዚህ ሰርግ ስንቀርጽ ዘፈኑ ጥቂት ሰከንድ ይለቀቃል፣ ምቱን ትይዛላችሁ፣ ይጠፋል። ከዚያ ያለ ሙዚቃ እስክስታ ትወርዳላችሁ። ጭብጨባው እጅ ሳይገናኝ ነው። እልልታው ምላስ ብቻ ነው። መሀል ላይ ሙሽራውና ሚዜው ያወራሉ፣ የእነሱ ድምፅ ብቻ ነው የሚቀዳው። አንዳንዴ ጫማ እናስወልቃለን፣ ወይ ከሥር ብርድ ልብስ እናነጥፋለን። ዘፈኑ፣ ጭብጨባው፣ የእግሩ ኮቴ ሁሉ በኋላ ይገባል። እልልታውን ለብቻው እንቀዳዋለን፣ ያኔ ጉሮሯችሁ እስኪደርቅ እልል በሉልን።

ይሄ ቀላል አይደለም። ዘፈኑ እንደቆመ ሰው ሁሉ በየራሱ ምት ይሄዳል፣ አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል፣ ስክሪን ላይ ወዲያው ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ጥሩ ጨፋሪ የሆነች አንዲት ልጅ ፊት ላይ እናቆማለን፣ ሌላው እሷን እያየ ይሄዳል። እንደዚህ ያለች ኤክስትራ ለእኛ ወርቅ ናት፣ ግን የሚከፈላት ከሌላው እኩል ነው።

ሌላው፣ ሥራው ሲያልቅ "ማንም እንዳይንቀሳቀስ" ተብሎ አንድ ደቂቃ ያህል የቦታውን ባዶ ድምፅ እንቀዳለን። ኤዲተሩ በንግግር መሀል ያለውን ክፍተት የሚሞላው በዚያ ነው። ሁሉም ደክሞት ቦርሳውን ሲያነሳ የሚሠራ ስለሆነ ሰው ይሰለቻል። እባካችሁ ያቺን ደቂቃ ስጡን። አዲስ አበባ ውስጥ ንጹሕ ደቂቃ ማግኘት እንዴት እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁ፦ ቆራሌው ያልፋል፣ የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል፣ ፎቅ የሚሠሩት ብረት መቁረጥ ይጀምራሉ፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርድና ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን።

አዜብ፦

እኔ ደግሞ የለቅሶው ነገር ነው የከበደኝ። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በእኛ ቤት ያልሞተ ሰው ለቅሶ መቀመጥ ሟርት ነው። እናቴ ብትሆን አላስገባትም ነበር። እኚያ እናት ያለቀሱት ለገንዘብ ብለው አይደለም፣ ቁስላቸው ነው የተነካው። ሰውን በዚህ መንገድ ማስለቀስ ልክ ነው?

የገርጂዋ፦

አዜብዬ ይገባኛል። እዚያም እንዳንቺ ያሉ ነበሩ። ሁለት ሴቶች "ነጠላችንን አናዘቀዝቅም፣ በቤታችን ላይ አንጠራም" አሉ። ዳይሬክተሯ አላስገደደቻቸውም፣ ከኋላ ቆመው ሻይ የሚቀዱ አደረገቻቸው። እኔ ልክ ነው የምለው ይሄንን ነው፤ ሰው አስቀድሞ ሲነገረው እምቢ የማለት ዕድል አለው። እኚያን እናት ግን ማምሻውን አናግሬያቸው ነበር። "ልጄ፣ ደጁ ተዘግቶ የቀረ ልቅሶ ነበረኝ፣ ወጣልኝ" ነው ያሉኝ። በኮሮና ጊዜ ነው ሰው የሞተባቸው፣ ድንኳን ሳይጣል፣ ሰው ሳይሰበሰብ። ለእሳቸው ቀሏቸዋል። ለሌላ ሰው ግን ሊከብድ ይችላል፣ ስለዚህ ጥያቄሽ ልክ ነው።

አዜብ፦

አይ፣ እንዲህ ከሆነስ። አሁን እኔም እንባዬ መጣ። በዚያ ጊዜ እኛም አክስታችንን እንደዚያ ነው የሸኘናት።

ካሳንችስ 77፦

እኔ ግን ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። ተቀምጦ ንፍሮ መብላት ነው። ዋናዎቹ ተዋንያን ናቸው ሥራውን የሚሠሩት፣ ኤክስትራውን ማን ያየዋል? ከመንገድ ላይ ማንንም መጥራት ይቻላል።

አልባሳት ክፍል፦

ወንድሜ ካሳንችስ፣ እኔ አልባሳት ላይ ብዙ ሠርቻለሁ፣ በዚህ አልስማማም። ኤክስትራ ጥሩ ሲሆን ነው የማይታየው። መጥፎ ሲሆን ወዲያው ታየዋለህ። የሰርግ ትዕይንት ላይ ከኋላ ሆኖ ካሜራውን ሰረቅ አድርጎ የሚያይ ሰው ስንት ጊዜ አይተሃል? ያን ጊዜ ዋናዋ ምንም ብታለቅስ አታምናትም።

በ1960ዎቹ የሚሆን ታሪክ ስንሠራ፣ ኤክስትራው ቀጭን ሱሪ ለብሶ ከመጣ ዘመኑ ያልቃል። ለሴቶቹ የነጠላው አጣጣል ራሱ ይናገራል፦ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም፣ ሰርግ ስትሄድ፣ ለቅሶ ስትቀመጥ አንድ አይደለም። ይሄን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ትልልቆቹ ኤክስትራዎች እንጂ እኛ አይደለንም። እኔ ራሴ አንዲት እናት "ልጄ፣ ባሏ የሞተባት እንዲህ አትለብስም" ብለው አርመውኝ ያውቃሉ፣ የዋናዋን ልብስ ነው የቀየርነው። ከመንገድ የተጠራ ማንም ሰው ይሄን አይሰጥህም። ከተሰጠህ ደግሞ ክፈለው።

የአትላንታው፦

ሰላም ከጆርጂያ። እዚህ እኔም፣ ብዙ የማውቃቸው ሐበሾችም ከኡበር ጎን ለጎን ኤክስትራ እንሠራለን። ጆርጂያ እ.ኤ.አ. በ2008 ለፊልም የ20 በመቶ የታክስ ቅናሽ አወጣች፣ የግዛቷን አርማ መጨረሻ ላይ ለሚያሳይ ደግሞ 10 በመቶ ይጨመርለታል። ከዚያ ወዲህ ሥራው እዚህ ጎረፈ።

አካሄዱ የገርጂዋ ከጻፈችው ጋር በጣም ይመሳሰላል። ሰዓቱ ማታ ነው የሚነገርህ፣ የራስህን ልብስ ሁለት ሦስት ዓይነት ይዘህ ትሄዳለህ፣ ነጭ፣ ደማቅ ቀይና አርማ ያለው አይቻልም። መኪናህን ሩቅ አቁመህ በአውቶቡስ ይወስዱሃል፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ትጠብቃለህ። ስልክ ይከለከላል፣ ያየኸውን እንዳታወራ ትፈርማለህ። ልዩነቱ ወረቀቱ ነው። የገባህበትና የወጣህበት ሰዓት ይጻፋል፣ ክፍያው ለ8፣ ለ10 ወይም ለ12 ሰዓት ተብሎ ከመሄድህ በፊት ይነገርሃል፣ ካለፈ ተጨማሪ አለው። መኪናህ ካሜራ ውስጥ ከገባ ለመኪናህ ይከፈልሃል። አለቃው ደግ ስለሆነ አይደለም፣ ተጽፎ ስለተቀመጠ ነው። እኔ የምመኘው አገር ቤት ይሄ እንዲመጣ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ምንም ወጪ የለውም።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ሥራ አቁሞ ነበር። ከስቱዲዮዎቹ ጋር ከተጣሉባቸው ነገሮች አንዱ የኤክስትራ ነው። አንድ ቀን ሰውነትህን በማሽን ይቀርጹና፣ ከዚያ አንተ ሳትኖር በኮምፒውተር እያባዙ ሕዝብ ያደርጉሃል የሚል ፍርሃት ነበር። በመጨረሻ በስምምነቱ ላይ የሰውየው ፈቃድና ክፍያ ያስፈልጋል ተብሎ ተጻፈ። እኔ የማኅበሩ አባል አይደለሁም፣ እዚህ ጆርጂያ ብዙው ኤክስትራ አይደለም። ቢሆንም ሰዎቹ ስለ እኛ ያን ያህል ጊዜ መቆማቸው ደስ ብሎኛል።

ፊልም ወዳጅ፦

ለካሳንችስ 77 እኔም ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን "ጋንዲ"ን አስበው። የቀብሩ ትዕይንት ላይ 300 ሺህ ገደማ ሰው ነው የተሰለፈው፣ ዴልሂ ውስጥ። ብዙው በነፃ የመጣ ሕዝብ ነው። ኮምፒውተር ሕዝብ መሥራት ከመቻሉ በፊት ነው። ያንን ያየ ሰው የጋንዲን ትልቅነት የሚያምነው ተዋናዩን አይቶ ብቻ አይደለም፣ ሕዝቡን አይቶ ነው።

የእኛንም ላንሳ። ኃይሌ ገሪማ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"ን ሲሠራ የተጠቀመው ገበሬዎችን ነው፣ ሙያተኛ ተዋንያን አልነበሩም። ሲያርሱ ታያቸዋለህ፣ ስታያቸው እጃቸው ራሱ ያውቀዋል። ያንን እጅ የትኛውም ትምህርት ቤት በአንድ ወር አያስተምርም። ስለዚህ "ማንንም" የሚለው ቃል ይከብደኛል፣ እያንዳንዱ ሰው ይዞት የሚመጣው ነገር አለ።

ካሳንችስ 77፦

እሺ፣ የነጠላውና የእስክስታው ነገር አሳምኖኛል። ክፍያው ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። እኔ ፕሮዲውስ የሚያደርግ ጓደኛ አለኝ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ገንዘቡን ከጣቢያው የሚያገኘው ዘግይቶ ነው። ክፋት ብቻ አድርጋችሁ አትዩት።

የገርጂዋ፦

አላየሁትም። ገንዘብ የሚዘገይ ከሆነ ጠዋት ይነገረን ነው ያልኩት። "በሳምንቱ ነው የምንከፍለው፣ የሚመቸው ይምጣ" ቢባል እኔ እመጣ ነበር፣ የማይመቸው ደግሞ ይቀር ነበር። ለጄኔሬተር ኪራይ፣ ለናፍጣ፣ ለምሳ በዕለቱ ይከፈላል አይደል? እነዚያ ሰዎች በዱቤ እምቢ ስለሚሉ ነው። ኤክስትራው እምቢ ስለማይል መጨረሻ ላይ መሰለፍ የለበትም።

ቡም ያዥ፦

እውነት ብላለች። ለጓደኛህ ንገረው፣ ቢያንስ የታክሲውን በዕለቱ ይስጥ፣ ቀሪውን ይጻፍላቸው።

ቤቲ ሰሚት፦

ሰላም፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ዓርብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠርቻለሁ፣ የሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል ትዕይንት ነው አሉኝ። ምን ልያዝ? እፈራለሁ፣ ዓይን አፋር ነኝ።

የገርጂዋ፦

ቤቲዬ፣ ዓይን አፋርነት እዚያ አይጎዳሽም፣ ሆስፒታል የሚጠብቅ ሰው ዝምተኛ ነው። ዓርብ ስለሆነ የጾም ምሳ መኖሩን ጠይቂ፣ ካልተረጋገጠ የራስሽን ቋጥረሽ ሂጂ። ቀሚስሽ ላይ ሹራብ ደርቢ፣ ጠዋት ይበርዳል፣ መብራቱ ሲበራ ደግሞ ይሞቃል። የሚያንቃጭል አምባር አታድርጊ፣ ቡም ያዥ ይቆጣሻል።

እንደደረስሽ ረዳት ዳይሬክተሩን ፈልጊና "እኔ ማን ነኝ? ታማሚ ነኝ ወይስ አስታማሚ? ማንን ነው የምጠብቀው?" ብለሽ ጠይቂው። አያፍርብሽም፣ ደስ ነው የሚለው። እሱ ባይነግርሽ ራስሽ ወስኚ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ እሱን ያዢ። ካሜራው ወዴት እንዳለ አትፈልጊ። ዋናዋ ስታልፍ ቀና ብለሽ ካየሻት በየዙሩ እዚያው ቦታ ላይ እያት።

ክፍያው መቼ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ማታ ማን እንደሚመልስሽ ዛሬውኑ ጽፈሽ ጠይቂ። ከ2 ሰዓት በኋላ ከሆነና መመለሻ መኪና ከሌለ አትሂጂ፣ ሌላ ቀን ይጠሩሻል።

ቤቲ ሰሚት፦

አሁን ጻፍኩለት። መኪና አለ ብሏል፣ እስከ መገናኛ። ክፍያው በዕለቱ ነው አለኝ፣ መልእክቱን አስቀምጫለሁ። ቅዳሜ እጽፍላችኋለሁ።